ጄምስ ዊሊያም ማክቤን

ጄምስ ዊሊያም ማክቤን (1882 – 1953 እ.ኤ.አ.) ካናዳዊ የፊዚካል ኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው የሳሙና ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታን በመለካት፣ የሳሙና ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ሚሴል የሚባሉ ጥቃቅን ስብስቦች እንደሚሠሩ በማስረዳቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና ሥራ

ማክቤን የተወለደው በካናዳ ኒው ብራንዝዊክ ግዛት፣ ቻተም በተባለች ከተማ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ ወደ ጀርመን ተሻግሮ በላይፕሲግና በሃይደልበርግ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1906 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ማስተማር ጀመረ፤ በ1919 ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የፊዚካል ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ከ1927 ጀምሮ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሠርቷል።

የሳሙና ውሃ እንቆቅልሽ

በማክቤን ዘመን ብዙ ሊቃውንት ሳሙና ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሙጫ መሰል ነገር ይሆናል ብለው ያስቡ ነበር። ማክቤንና ተባባሪዎቹ በብሪስቶል የሳሙና ውሃን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያሞቁ ሲለኩ ግን፣ ኤሌክትሪክን በደንብ እንደሚያስተላልፍ አገኙ። ይህ የሆነው ሳሙናው ውሃ ውስጥ አልካሊ ስለሚለቅ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችል ስለነበር የአልካሊውንም መጠን ለኩ፤ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ።

ሌላው መለኪያ የእንፋሎት ግፊት ነበር። ውሃ ውስጥ የሟሙት ቅንጣቶች ቁጥር በበዛ መጠን የውሃው የእንፋሎት ግፊት ይቀንሳል። በዚህ መንገድ ሲቆጠር የሳሙናው ቅንጣቶች ከተጠበቀው በጣም ያነሱ ሆኑ። አንዱ መለኪያ ብዙ ኤሌክትሪክ ተሸካሚ አለ ሲል፣ ሌላው ጥቂት ቅንጣት ብቻ አለ አለ።

ማክቤን ሁለቱንም መለኪያዎች ተቀበለ። በ1913 ያቀረበው መፍትሔ የሳሙና አዮኖች ተሰባስበው አንድ ትልቅ፣ ብዙ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት ይሆናሉ የሚል ነበር። ለምሳሌ 8 አዮኖች አንድ ድቡልቡል ቢሠሩ ሙሉ 8 እጥፍ ሲሆን፣ ራዲየሱና የውሃው መጎተት ግን 2 እጥፍ ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ ስብስቡ ከተናጠል አዮኖች ይፈጥናል። ሐሳቡ በቶሎ ተቀባይነት አላገኘም፤ በአንድ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ከንቱ ነገር ነው ብሎ እንዳጣጣለው በሙያው ሰዎች ዘንድ ይነገራል።

ከማክቤን በኋላ የታረመው

ማክቤን ሁለት ዓይነት ሚሴል አለ ብሎ ያምን ነበር፤ አንዱ ትንሽና ሙል ያለው፣ ሌላው ትልቅና እንደ ንጣፍ የተደራረበ። እንግሊዛዊው ሃርትሊ በ1936 አንድ ዓይነት ድቡልቡል ሚሴል እንደሚበቃ አስረዳ፤ ውሃን የሚሸሸው የሞለኪውሉ ጅራት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውሃ ወዳዱ ራስ ወደ ውጭ ይቀራል። ከሶዲየም አዮኖችም ብዙዎቹ የሚሴሉን ገጽ ይጠጋሉ፤ በዚህ ምክንያት ሚሴል መሠራት ከጀመረበት መጠን በላይ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ዕድገት ይቀንሳል።

ዛሬ ተማሪዎች በቤተ ሙከራ የሚፈልጉት ይህንኑ የዕድገት መቀነስ ነው። አስተላላፊነቱን ከሟሟው መጠን ጋር በግራፍ ሲያስቀምጡ ሁለት ቀጥታ መስመሮች ይወጣሉ፤ የሚገናኙበት ነጥብ ሚሴል መሠራት የሚጀምርበት መጠን ነው። በሻምፖና በጥርስ ሳሙና ውስጥ ለሚገኘው ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት ይህ መጠን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 8 ሚሊሞል ያህል ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ማክቤን በ1939 የዴቪ ሜዳልያ ተሸለመ። ከስታንፎርድ ጡረታ ከወጣ በኋላ ወደ ሕንድ ሄዶ በፑና ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ። በ1953 አረፈ።