የፕሬዚዳንቱ ወገብ

ወገቤን ማመም ከጀመረኝ ስድስት ዓመት አለፈ። ከሳቢያን ወደ ከዚራ በባጃጅ ስመጣ እያንዳንዷ ጉድጓድ የምትቆጠረው በእኔ አከርካሪ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ እንደ ድሬዳዋ ወግ ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፌ ለሰዓታት ከተቀመጥኩማ ስነሳ እጄን የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ። መርፌ ፍለጋ የሄድኩበት ባለሙያ ጀርባዬን ትቶ ቦርጬን እያየ፣ ችግሩ ከፊት መሆኑንና የሆድ ጡንቻዬን ማጠንከር እንዳለብኝ ሲነግረኝ ተቀየምኩት። ቦርጭ እኛ ዘንድ የድሎት ምልክት እንጂ በሽታ ተብሎ አያውቅም።

ከቅያሜዬ የመለሰኝ ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ነው። የሕግ ተማሪ ሳለሁ ስድስት ኪሎ በስሙ በተሰየመው ቤተ መጻሕፍት ብዙ አምሽቻለሁ። ሰውየው ከእኔ የባሰ የወገብ ሕመምተኛ እንደነበረ ያወቅሁት ግን በዚህ ዕድሜዬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1917 ከባለፀጋ ቤተሰብ የተወለደው ኬኔዲ ወገቡን ያመመው ገና በወጣትነቱ ነው። በኦገስት 1943 የሚያዝዛትን የጦር ጀልባ የጃፓን መርከብ ለሁለት ሲሰነጥቃት፣ የቆሰለ ባልደረባውን የጃኬት ማሰሪያ በጥርሱ ነክሶ ለሰዓታት እየዋኘ ደሴት አደረሰው። ጀግና ተባለ፤ ወገቡ ግን ባሰበት። በ1944፣ በ1954፣ በ1955 እና በ1957 በቢላ ተከፈተ። የ1954ቱ ሊገድለው ነበር። አከርካሪው ላይ ብረት ከገባለት በኋላ ቁስሉ መርቅዞ፣ ቄስ ተጠርቶ የመጨረሻው ጸሎት ተደረሰለት። ብረቱ በወራት ውስጥ ተመልሶ ወጣ። ያን ሁሉ ገንዘብና ያን ሁሉ ሐኪም ይዞ!

ፕሬዚዳንት በሆነ በአራተኛው ወር፣ በሜይ 1961፣ ኦታዋ ላይ በአካፋ አፈር ዝቆ ችግኝ ሲተክል ወገቡ እንደገና ክፉኛ ተጎዳ። ሐኪሙ ጃኔት ትራቬል የማደንዘዣ መርፌ ትወጋው ነበር። እንደኛ ሰው መርፌውን ሳይወደው አልቀረም።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሐንስ ክራውስ ተጠራ። ኦስትሪያዊ ስደተኛ፣ ሐኪምና ተራራ ወጪ ነው። ኬኔዲን ሲመረምረው የሆዱ ጡንቻ ልፍስፍስ፣ የጭኑ ጀርባ ደግሞ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ሆኖ አገኘው። የሆድ ጡንቻ አከርካሪን ከፊት እንደሚይዝ የድንኳን ገመድ ነው፤ ገመዱ ሲላላ ሸክሙ ጀርባ ላይ ይወድቃል። ክራውስ መርፌው እንዲቀር አደረገ። በምትኩ በዋይት ሐውስ መዋኛ አጠገብ ባለች ትንሽ ክፍል በሳምንት ሦስት ጊዜ የሆድና የጀርባ እንቅስቃሴ ያሠራው ጀመር። አራት ቀዶ ሕክምና ያላመጣው እፎይታ በወራት ውስጥ መጣ። በ1963 የበጋ ወራት ኬኔዲ ጎልፍ ይጫወት ነበር።

የዛሬ ጥናቶች የሆድ እንቅስቃሴን ብቻ ነጥለው አያሞግሱም፤ ለከረመ የወገብ ሕመም አዘውትሮ መንቀሳቀሱ ራሱ እንደሚረዳ ነው የሚያሳዩት። እግር የሚያደነዝዝ ወይም ሽንት የሚያስቸግር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ኦክቶበር 1 ቀን 1963 ኬኔዲ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄዶ ተቀበላቸው። ከሁለት ወር በታች ቆይተው ንጉሡ ለቀብሩ ተመለሱ። ኬኔዲ የወገብ መደገፊያ ኮርሴቱን አልተወም ነበር። ኖቬምበር 22 ቀን ዳላስ ላይም በጥብቅ ታስሮበታል። የመጀመሪያው ጥይት ከመታው በኋላ ወደ ፊት እንዳይደፋ ቀጥ አድርጎ የያዘው ይኸው ኮርሴት ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። ቀጣዩ ጥይት ጭንቅላቱን አገኘው።

እኔም ከፋርማሲ የገዛሁት የወገብ ቀበቶ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ለመጣል አልደፈርኩም። ጠዋት ጠዋት፣ የድሬ ሙቀት ሳይነሳ፣ በዚያው በምቀመጥበት ፍራሽ ላይ ተንጋልዬ ጉልበቴን አጥፌ ትከሻዬን ከትራሱ ለማንሳት እታገላለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዴም አልተሳካልኝም። አሁን ስምንት ደርሻለሁ።