መጀመሪያ ቋንቋው፣ ከዚያ አገሩ

ዛሬ ስለ አንድ ደራሲ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ቶልኪን በ1892 ዛሬ ደቡብ አፍሪካ በምትባለው አገር ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ወደ እንግሊዝ ወሰደችው። እዚያው ቀርቶ የነበረው አባቱ በ1896 ሞተ። ላቲን ያስተማረችው እናቱም በ1904 በስኳር በሽታ ሞተችበትና በ12 ዓመቱ ወላጅ አልባ ቀረ። ከዚያ ኃላፊነቱን የወሰዱት አንድ የካቶሊክ ቄስ ናቸው።

እኛ በልጅነታችን የወፍ ቋንቋ እንናገር የለ? እሱም ከዘመዶቹ ልጆች ጋር እንደዚያ ይጫወት ነበር። እኛ ስናድግ ተውነው፣ እሱ ግን አልተወውም። የፊንላንድ ቋንቋ ድምፁ ቢማርከው ከዚያ ተነስቶ ኴንያ የሚባል ቋንቋ ፈጠረ፤ ሰዋስው ሁሉ አወጣለት። ሲንዳሪን የሚባለውን ደግሞ ከዌልስ ቋንቋ ድምፅ ተነስቶ ሠራ።

በ1916 ፈረንሳይ ዘመተ። ጦርነቱ ከሦስት የልብ ጓደኞቹ ሁለቱን ወሰደበት። እሱ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ይዞት ተመለሰ። በሕመሙ ጊዜ ታሪክ መጻፍ ጀመረ። ለምን መሰላችሁ? ቋንቋ ተናጋሪ ይፈልጋል፤ ተናጋሪ ደግሞ አገር፣ ወንዝ፣ የአባቶች ታሪክ ይፈልጋል። ስለዚህ ለቋንቋዎቹ ብሎ ዓለም ፈጠረ!

በኋላ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ። ሆቢት በ1937፣ የቀለበቶቹ ጌታ በ1954 እና በ1955 ታተሙ። በ1973 አረፈ።

እህቶቼ፣ እሱ ለሌለ ሕዝብ ይህን ያህል ከደከመ፣ እኛ ሕዝቡም ታሪኩም አለን። ቀኑን ሙሉ በማዳም ቋንቋ ብንውልም፣ ማታ ሁለት መስመር በራሳችን ቋንቋ እንጻፍ።