ሉዊ ብሬይል እና የስድስት ነጥብ ኮድ

የሉዊ ብሬይል ስም በአጋዥ ቴክኖሎጂ ጥናቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በመግቢያው ላይ፣ ያውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሥራውን የኮድ ነዳፊ ሥራ አድርገን ብናየው ግን ከዚያ የበለጠ ቦታ የሚገባው ይመስለኛል።

ብሬይል በ1809 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በኩቭሬ መንደር ተወለደ። አባቱ የኮርቻና የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበር። ልጁ በሦስት ዓመቱ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋ፤ ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ሌላኛው በመዛመቱ በአምስት ዓመቱ ብርሃኑን ፈጽሞ አጣ። በ1819 ፓሪስ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ወጣቶች ንጉሣዊ ተቋም ገባ። በዚያ የነበሩት መጻሕፍት የላቲንን ፊደል ቅርጹን እንደያዘ በወረቀት ላይ አጉልተው ያተሙ፣ ግዙፍና ጥቂት ነበሩ። ተማሪው በጣቱ እየዳሰሰ በዝግታ ያነብባቸዋል፤ በራሱ እጅ መጻፍ ግን እጅግ ያስቸግረው ነበር።

ለውጡን የቀሰቀሰው የቀድሞው የጦር መኮንን ሻርል ባርቢዬ ያቀረበው በነጥብ የመጻፍ ዘዴ ነው። ዘዴው የሚወክለው ሆሄን ሳይሆን ድምፅን ነበር፤ ሥርዓተ ነጥብም አልነበረውም። የከፋው ጉድለቱ ግን መጠኑ ነው። አንድ ምልክት በሁለት ዓምድ እስከ 12 ነጥብ ስለሚይዝ የጣት ጫፍ በአንድ ንክኪ ሊያዳርሰው አይችልም፤ አንባቢው ጣቱን ወደ ላይና ወደ ታች ማመላለስ ይኖርበታል። ይህን ጉድለት በራሱ ጣት የፈተሸው ወጣት የዓምዱን ቁመት በግማሽ ቀነሰ። በ1824፣ በ15 ዓመቱ፣ የሥርዓቱን መሠረት ጨረሰ፤ በ1829 አሳተመው። በመጀመሪያው እትም ከነጥቦቹ ጋር ሰረዞችም ነበሩ፤ በ1837ቱ እትም ግን ወጡ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቦታ ነጥብ አለው ወይም የለውም፤ በዛሬ ቋንቋ ስድስት ቢት ማለት ነው፤ ባዶውን ሳይጨምር 63 ምልክቶች ይገኛሉ። አደራደሩም የዘፈቀደ አይደለም፦ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሆሄያት ላይኞቹን አራት ነጥቦች ብቻ ይጠቀማሉ፤ ተከታዮቹ አሥሩ በእነዚያው ላይ ከታች አንድ ነጥብ ይጨምራሉ።

እምብዛም የማይወሳው ሥራው በ1839 ያወጣው ዲካፖይንት ነው። ዓይነ ስውሩ ለሚያይ ሰው ደብዳቤ እንዲጽፍ የላቲንን ፊደላት ቅርጽ በነጥቦች ይሠራል። ጥቂት ቆይቶ ራሱም ዓይነ ስውር የነበረው ፒየር ፉኮ በአሥር ዘንጎች ነጥቦቹን የሚያትም መሣሪያ ሠራለት። ከነጥብ አታሚ ማሽኖች ቀደምት ዘመዶች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም የተቋሙ አስተዳደር ሥርዓቱን ወዲያው አልተቀበለም። በ1840 ዳይሬክተር የሆነው ዱፎ የስድስቱን ነጥብ ጽሕፈት ከለከለ። ለሚያዩ መምህራን፣ ራሳቸው የማያነቡት ጽሕፈት ተማሪዎቹን ከሌላው ሕዝብ የሚለይ መስሎ ይታያቸው ነበር። ተማሪዎቹ ግን በድብቅ መጻፋቸውን አላቋረጡም። በ1844 አዲሱ ሕንፃ ሲመረቅ የዱፎ ረዳት ጉዋዴ ሥርዓቱን በሕዝብ ፊት አስጠናው፤ ክልከላውም ላላ። ብሬይል በተቋሙ መምህር፣ በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ኖረ፤ በሳንባ ነቀርሳ ሲማቅቅ ቆይቶ በጥር 1852 በ43 ዓመቱ ዐረፈ። ተቋሙ ሥርዓቱን በይፋ የተቀበለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ኮምፒውተር በመጣ ጊዜ ሁለት ነጥቦች ታክለው ስምንት ሆኑ፤ ዩኒኮድም ለ256ቱ ቅንብሮች ቦታ ሰጠ። የአማርኛው ብሬይል ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ተነባቢና አናባቢ ይከፍላል፤ በጽሑፍ አንድ ምልክት የሆነችው «ሙ» በነጥብ ሁለት ሕዋስ ትፈልጋለች። ስለዚህ አማርኛን ወደ ብሬይል የሚለውጥ ፕሮግራም ፊደልን በፊደል ከመተካቱ በፊት ፊደሉን መበተን አለበት።