ጫካ ውስጥ ምስክር የለም

ለዛሬ ከፖለቲካውም ከኑሮ ውድነቱም ወጣ ልበልና ስለ አንድ አዳኝ ላጫውታችሁ። አዳኝ ስላችሁ ግን ገዳይነቱን እየቆጠረ የሚፎክር ሰው አይምሰላችሁ። ሰውየው አልዶ ሊዮፖልድ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ጥቂት የተማረ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል።

እኔ ስለ እሱ ያነበብኩት ዘግይቼ፣ ጠጉሬ ሸበት ካለ በኋላ ነው። ያነበብኩትም በራሴ ጉዳይ የተነሳ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ አንድ ቅዳሜና እሁድ ለአደን ይዘውኝ ወጥተው ነበር። እሁድ ዓይን ሊይዝ ሲል አንዲት ድኩላ ጣሉ። ቀንድ የላትም፤ ሴት ነበረች። ሆዷ ሲከፈት ግልገል ተገኘ። አባቴ ምንም አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ቤት ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ መረቃቸው፣ ሥጋውም ተበላ። ያ ዝምታ ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

ሊዮፖልድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1887 አይዋ በተባለው ግዛት፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው በርሊንግተን ከተማ ነው። አባቱ ካርል የቢሮ ጠረጴዛ የሚያመርት ድርጅት ነበረው። የእረፍት ቀን ሲደርስ ልጆቹን እየመራ ወደ ረግረጉና ወደ ጫካው ይወጣል። የዚያን ዘመን የአሜሪካ ዱር ጠባቂ እንደሌለው ጎተራ ነበር። ለገበያ የሚያድኑት ወፉን በጅምላ ይፈጁታል፤ ከልካይ የላቸውም።

ካርል ግን የራሱን ሕግ አወጣ። የውኃ ወፎች ለመራባት በሚጓዙበት የጸደይ ወራት መተኮስ አቆመ። በአንድ ቀን የሚገድለውንም በቁጥር ወሰነ። ልብ በሉ፣ ይህን ያደረገው መንግሥት ሳይከለክለው ነው! ለልጁ አደን ሲፈቅድለትም አንድ ትዕዛዝ ጨመረበት። ዛፍ ላይ ያረፈች ቆቅ አትመታም፤ የሚተኮሰው በበረራ ላይ ባለችው ብቻ ነው። የልጁ ውሻ ደግሞ ቆቆችን እያሯሯጠ ዛፍ ላይ በማስፈር የተካነ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ወፏ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ ጠብመንጃው ጎርሷል፣ አባት በአካባቢው የለም። ልጁ ግን ቃሉን ጠበቀ። ካደገ በኋላም ስለ ሥነ ምግባር የተማረው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ እንደነበር ጽፏል።

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። ሕግ ደግሞ ምስክር ይፈልጋል፣ ማስረጃ ይፈልጋል፣ ዳኛ ይፈልጋል። ጫካ ውስጥ ምስክር የለም። ጭብጨባም የለም። እዚያ ሰውን የሚገዛው ልጅ ሳለ አባቱ ሲተው ያየው ነገር ነው።

ሊዮፖልድ ግን በአባቱ ሕግ ብቻ ያለ ስህተት የኖረ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1909 ከየል ዩኒቨርስቲ በደን ሳይንስ ተመርቆ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ሠራተኛ በመሆን ወደ አሪዞና ተላከ። እዚያ አጋዘን እንዲበዛ በማለት ተኩላ ከሚያጠፉት አንዱ ሆነ። (የእነሱ አጋዘን ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ እየጣለ መልሶ የሚያበቅል ነው፤ እኛ አጋዘን የምንለው ቀንዱ የማይረግፍ ሌላ ዘር ነው።) አንዲት ተኩላ ከጓደኞቹ ጋር ተኩሶ ጣለ፤ ስትሞትም አጠገቧ ደረሰ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ያ ተኩስ ስህተት እንደነበር በጽሑፍ አመነ። ተኩላ የጠፋበት ተራራ ላይ አጋዘኑ ይበዛል፤ የበዛው አጋዘን ቁጥቋጦውን ይጨርሳል፤ በመጨረሻም ራሱ በረሃብ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ1933 በዊስኮንሲን ዩኒቨርስቲ የዱር እንስሳት አያያዝ ፕሮፌሰር ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያረጀ፣ አፈሩ የተሟጠጠ እርሻ ገዛ። ከቤት ቆሞ የተገኘው አንድ የዶሮ ማደሪያ ብቻ ነበር። ባለቤቱን ኤስቴላንና አምስት ልጆቹን ይዞ በየቅዳሜና እሁዱ እየሄደ ያንን ማደሪያ መኖሪያ አደረገው፤ በሺህ የሚቆጠር የጥድ ችግኝም ተከሉ። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ከወንድሙና ከትልቁ ልጁ ከስታርከር ጋር ወደ ሰሜን ሜክሲኮ ተራሮች ወርዶ በቀስት አጋዘን አደነ። በዚያ አገር ተኩላውም የተራራ አንበሳውም ገና አልጠፉም ነበር፤ አጋዘኑም ጤነኛ፣ ተራራውም ለምለም ነበር።

አሁን ወደ እኔ ድኩላ የሚመልሰኝ ነገር መጣ። ሊዮፖልድ እ.ኤ.አ. በ1943 የዊስኮንሲን የተፈጥሮ ጥበቃ ኮሚሽን አባል ሆነ። በግዛቱ አጋዘን ከልክ በላይ በዝቶ በክረምቱ በረዶ በረሃብ ይረግፍ ነበር። እሱም ወንዶቹ ብቻ ሳይሆኑ ሴቶቹና ግልገሎቹም እንዲታደኑ ተከራከረ። በዚያ ዓመት ከ100 ሺህ በላይ አጋዘን ተገደለ። አዳኙም ሌላውም ሕዝብ ተነሳበት፤ በጋዜጣ ተሰደበ። ይህን ሳነብ ተደናገርኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ሴት መግደል በራሱ ነውር ነው ብዬ አባቴን በልቤ ስከስ ኖሬያለሁ። ለካ ጥያቄው ሌላ ነው! ስንት አሉ? ምን ይበላሉ? ነገስ ይተርፋሉ ወይ? ያን እሁድ ከእኔና ከአባቴ መካከል የጎደለው ይህ ጥያቄ ነበር።

ሊዮፖልድ የሞተው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1948 ነው። የጎረቤቱ ሣር በእሳት ሲያያዝ ሊያጠፋ ሮጦ ልቡ ከዳው። ዕድሜው 61 ነበር። ዓለም ያወቀለት መጽሐፉ የታተመው በማግሥቱ ዓመት ነው። ከአምስቱ ልጆቹ ሦስቱ፣ ስታርከር፣ ሉናና ኤስቴላ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ለመሆን በቁ።

በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለአደን ውጡ ማለቴ አይደለም። ግን ልጅ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይከተለናል፤ ገበያ፣ ቢሮ፣ ወረፋ ላይ፣ መኪና ውስጥ። ማንም በማያየን ሰዓት የምንተወውንና የማንተወውን እሱ ያያል። ያየውን ደግሞ አብረን ብንነጋገርበት ምን ይጎዳናል?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አባቴ ከዚያች እሁድ በኋላ ጠብመንጃቸውን ከግድግዳው አውርደው ለአደን አልወጡም። እኔ እርጅና ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። አሁን የሉም።

ቸር ይግጠመን።