ከሳሽም ተከሳሽም የነበሩት ዓሊም፦ ኢማም ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢይ

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ የሌላውን ሥራ ገልብጦ የራስ አስመስሎ የማቅረብ ነገር በየዶርሙ ይወራል። በዚህ እትም የምናነሳቸው ዓሊም ይህንን ጉዳይ ከ500 ዓመት በፊት በከሳሽነትም በተከሳሽነትም አይተውታል።

ኢማም ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢይ (ረሒመሁላህ) በ849 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1445) ካይሮ ውስጥ ተወለዱ። ሱዩጢይ የተባሉት የቤተሰባቸው አገር አስዩጥ ስለሆነ ነው። ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው አባታቸው ሞቱ። የቲም ሆነው ቢያድጉም ስምንት ዓመት ሳይሞላቸው ቁርኣንን ሐፈዙ።

በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ደረሶቻችን የሚቀሩት ተፍሲር አል-ጀላለይን የእርሳቸው እጅ አለበት። ኪታቡን የጀመሩት ጀላሉዲን አል-መሐልሊይ በ864 ዓ.ሂ. ሳይጨርሱት ሞቱ። ሱዩጢይ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ከሱረቱል በቀራህ እስከ ሱረቱል ኢስራእ ያለውን ጻፉ። የእርሳቸው ድርሻ የት እንደሚያበቃም እዚያው ኪታቡ ውስጥ ለይተው አስቀመጡ። ስሙም የሁለቱ ጀላሎች ሆኖ ቀረ። አል-ኢትቃን በተሰኘው ሥራቸው መግቢያ ላይም ከእርሳቸው በፊት የዘርከሺይ አል-ቡርሃን እንደነበረ ገልጸው፣ የተጠቀሙባቸውን ኪታቦች ዘርዝረዋል። ዒልምን ለባለቤቱ መመለስ ለእርሳቸው የበረካ በር ነበር።

ስለዚህም ሥራቸው ያለ ስማቸው ሲወሰድ ዝም አላሉም። በደራሲና በሌባ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳይ፣ አል-ፋሪቅ በይነል ሙሶኒፍ ወስ-ሳሪቅ የተሰኘ ሪሳላ ጻፉ። የታሪክ ጸሐፍት እንደሚተርኩት፣ የሶሒሕ አል-ቡኻሪን ሸርሕ የጻፉትን ታላቁን ዓሊም አል-ቀስጦላኒይን ሸይኽ ዘከሪያ አል-አንሷሪይ ፊት ከሰሷቸው። ማስረጃ ሲጠየቁም አንድ ነገር አቀረቡ፦ ቀስጦላኒይ ከበይሀቂይ እየጠቀሱ ይጽፋሉ፤ በይሀቂይ ግን ብዙ ኪታብ አሏቸው፤ ታዲያ የተጠቀሰው ከየትኛው ነው? መልስ ጠፋ። ቃሉ የተወሰደው ከሱዩጢይ ኪታብ ላይ ነበርና። ሱዩጢይ የጠየቁት በይሀቂይን ያነበበው እኔ ነኝና ስሜ ይጠራ የሚል ነበር።

ኋላ ቀስጦላኒይ ይቅርታ ሊጠይቁ ከካይሮ እስከ ረውዷ ደሴት በባዶ እግራቸው እንደሄዱ ይተረካል። ሱዩጢይ ልባቸው እንደታረቀ ከበር ውስጥ ሆነው ነገሯቸው፤ በሩን ግን አልከፈቱም።

በሌላ በኩል አስ-ሰኻዊይ ሱዩጢይን ራሳቸውን የሌሎችን ሥራ ወስደዋል ብለው በጽሑፍ ከሰዋል። ሱዩጢይም በቁጣ መልሰዋል። ከዘመናት በኋላ አሽ-ሸውካኒይ ነገሩን መርምረው፣ በአንድ ዘመን የኖሩ ተፎካካሪዎች አንዱ በሌላው ላይ የሚሰነዝረው ቃል እንደማይያዝ ገልጸው ለሱዩጢይ ተከራከሩ። ሱዩጢይ በ911 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1505) በረውዷ ወደ አኺራ ሄዱ።

ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛው፣ በሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰ ምንጭ እኛ ራሳችን ያነበብነው አይደለም። ዋናውን ማግኘት ካልቻልን በማን በኩል እንዳገኘነው እንጻፍ። ይህ አማና ነው። ሁለተኛው፣ ክስ በወሬ አይቆምም። ዛሬም ደንብ ያላቸው የምርምር መጽሔቶች ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያስተያያሉ፣ ጸሐፊውን ማብራሪያ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ያርማሉ ወይም ጽሑፉን ከኅትመት ይሽራሉ። እኛም ጓደኛችንን ሌባ ከማለታችን በፊት ገጹን በእጃችን እንያዝ፤ እሱንም እንስማው።

አላህ ዒልማችንን በረካ ያለው፣ ብዕራችንንም እውነተኛ ያድርግልን። አሚን።