ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የመጀመሪያው ሸክላ

አውቶሞቢል ለአገራችን ብርቅ በነበረበት በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ተሰማ እሸቴ መኪና መንዳትና መጠገን ይማሩ ዘንድ ወደ ጀርመን ተላኩ። በዚያም በ1908 እ.ኤ.አ. ለብቻቸው በመሰንቆ እየዘፈኑ ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ ሆኑ። የኤሌክትሪክ ማጉያ ስላልነበረ፣ የድምፃቸው ግፊት ብቻ በጡሩምባው አልፎ መርፌውን እያንቀጠቀጠ ሰሙን ይፍቅ ነበር፤ አንዱ ገጽ የሚይዘውም ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር። በኋላ የነጋድራስነት ማዕረግ አገኙ፤ የእግር ኳሱ መሪ አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ልጃቸው ነበሩ።

መቅረጽ ለአገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ሆኖም በጥያ ትክል ድንጋዮች ላይ ሰይፍ የቀረጹት ጠቢባን ስም ጠፍቷል። የተሰማ ስም ከነድምፃቸው የተረፈው ሸክላዎቹን ጠብቆ ያቆየ ሰው በመገኘቱ ነው። የተቀረጸውን ከጥፋት መጠበቅም ከሙያችን ግዴታዎች አንዱ ነው።