ገመድ ያከመው ሐኪም

ዘንድሮ የምንገናኘው ሶደሬ፣ በአዋሽ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አቅራቢያ ነውና አንድ የሙያ ወንድማችንን ላስታውሳችሁ።

ዋይልድማን ኋይትሃውስ በ1816 (በፈረንጆቹ) እንግሊዝ አገር ተወለደ። ብራይተን ውስጥ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ኤሌክትሪክ ልቡን ሳበው፤ ራሱን አስተምሮ የአትላንቲክ ቴሌግራፍ ኩባንያ የኤሌክትሪክ ኃላፊ ሆነ። በ1858 አየርላንድን ከኒውፋውንድላንድ የሚያገናኘው የባሕር ገመድ ተዘረጋ። የመዳብ ሽቦው የተሸፈነው ጉታ ፔርቻ በሚባል የዛፍ ሙጫ ነበር።

ሽፋኑ ግን ገና ሲሠራና ሲከማች ተጎድቷል፤ በሳሳው በኩል ኤሌክትሪኩ ወደ ባሕሩ ያፈስ ነበር። ዊልያም ቶምሰን በትንሽ ኃይል፣ ስስ መለኪያ እያየ መልእክት ያነባል። ኋይትሃውስ ደግሞ ምልክቱ ሲደክምበት 2000 ቮልት ገደማ ለቀቀበት። የሳሳው ባሰበት፤ ገመዱ ሦስት ሳምንት ያህል ሠርቶ ዝም አለ። ኋይትሃውስም ተባረረ፤ በ1890 ሞተ።

ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም። ከምርመራው ትምህርት ተወሰደ፤ በ1866 የተሳካው ገመድ ከመዘርጋቱ በፊት ሽፋኑ ውሃ ውስጥ እየተነከረ ተለካ።

እኛስ? የደከመ በሽተኛ ሲገጥመን መድኃኒቱን ከመጨመራችን በፊት የሚያፈሰውን ቦታ እንፈልግ።